ለጆሮ ቆብ

ዓይን ቆብ አለው፤ ጆሮ ግን የለውም። ዓይን ያልወደደውን ነገር ባየ ጊዜ ይከደናል፤ ብርሃን ሲበዛበት ይጨፈናል፤ ሌሊት ሲሆንም እንደ ቤት ደጅ ተዘግቶ ያድራል። ጆሮ ግን ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥ ይቀበላል። ዓይኑ ለሚያይ ሰው ይህ ነገር እምብዛም አያሳስበውም፤ ጆሮው ቢታክትበት በዓይኑ ይተካዋልና። ዓይኑ ለማያይ ሰው ግን ጆሮው መንገዱም፥ መጽሐፉም፥ ሰዓቱም፥ የወዳጁ ፊትም ስለ ሆነ፥ በአንዲት ጠባብ ደጅ አራት እንግዶች ባንድ ጊዜ ሊገቡ ሲጋፉ የሚሆነውን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በየመንገዱ ዳር በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው፥ ሰው ሁሉ ኤርፎን የሚለው የጆሮ ማዳመጫ፥ አንድ ዕቃ ሆኖ ሳለ ለዓይናማውና ለዓይነ ስውሩ አንድ አይደለም። ዓይናማው ዘፈን ይሰማበታል፤ በታክሲ ውስጥም የጎረቤቱን ወሬ ይሸሽበታል። በገመዱ ላይ ከጉንጭ ዝቅ ብላ የተንጠለጠለችውን፥ ከባቄላ ፍሬ ብዙ የማትበልጠውን ዶቃ ግን ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ነው። በውስጧ ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን አለ፤ በላይዋም የሚጫኑት ቁልፍ አለ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለዚያች ዶቃና በእርስዋ ስለምትገለገል አንዲት ሴት ነው።

ሴትዮዋ በአዲስ አበባ የምትኖር መምህርት ናት። ዓይኖቿ የጠፉት በሕፃንነቷ በትራኮማ ነው። እንደ እርስዋ ያለው ሰው ቍጥር ትንሽ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር፥ 3.7 የሚሆነውም የማየት ኃይሉ የደከመ መሆኑን አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉን ዓይነ ስውርነት ያመጣው የሞራ ግርዶሽ ሲሆን፥ ትራኮማም ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበረ። እርስዋ ግን ስለ ዓይኗ ብዙ አታወራም። የምታወራ ቢሆን ስለ ደብዳቤ ነው።

ቀድሞ የእጅ ስልኳ አይናገርም ነበር። መልእክት ሲመጣ ይጮኻል እንጂ ምን እንደ ተጻፈ አይገልጽም፤ ስለዚህም የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አንባቢዋም ከእርስዋ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር የታናሽ እኅቷ ልጅ፥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ልጅቱ ቅንና ፈጣን ስለ ነበረች የመጣውን ሁሉ እንደ ወረደ ታነበው ነበር። አንድ ቀን ማታ ከልጅቱ እናት ከክፍለ ሀገር መልእክት መጣ። ልጅቱም እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች፤ በእናቷ ጡት ውስጥ እብጠት እንደ ተገኘ፥ ሐኪሙም በቶሎ መቆረጥ አለበት እንዳለ አነበበች፤ ከዚያም ቀጥሎ የተጻፈውን፥ «አደራሽን ለልጄ እንዳትነግሪብኝ» የሚለውን ቃል በራሷ አንደበት ተናገረችው።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የነበረውን ዝምታ ማስረዘም አያስፈልግም። ሕክምናው በጊዜው ደርሶላት እናቲቱ ዳነች፤ ዛሬም በሕይወት አለች። ነገር ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ ልጅቱ «እስቲ አንብቢልኝ» በተባለች ጊዜ ወዲያው አትጀምርም ነበር። አስቀድማ ጥቂት ዝም ትላለች። አክስቷም ያ ዝምታ ምን እንደ ሆነ አወቀችው፤ ልጅቱ ቀድማ በልቧ እያነበበች፥ የሚነገረውን ከማይነገረው እየለየች ነበርና። የአሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን የአክስቷ ደብዳቤ መርማሪ ሆነች ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፥ ዓይነ ስውር ከመሆን ይልቅ ያችን ጥቂት ዝምታ በየማታው መስማት ለዚያች ሴት የከበደ ነበር።

ደብዳቤ ማስነበብ በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ደብተራ ወይም ተማሪ ፈልጎ ያስነብብ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤትም ዓይነ ስውሩ ተማሪ ዳዊቱን ከባልንጀራው አንደበት ሰምቶ በቃሉ ይይዝ፥ ቅኔም ይቀኝ፥ ኋላም መምህር ተብሎ ጉባዔ ይዘረጋ ነበር። በጆሮ መማር የተከበረ ትምህርት ነው። ዳሩ ግን ዳዊት የሁሉ ነው፤ የእኅት ደብዳቤ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስልክ ገዛች። እንዲህ ያለው ስልክ የመጣው ብዙ ዘመን አይደለም። በመጋቢት 2001 ዓ.ም. አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንዲት ትንሽ የዘፈን መሣሪያ አወጣ፤ መስኮት አልነበራትም፤ ከማብሪያዋም በቀር ቁልፎቿ ሁሉ በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ ነበሩ፤ የዘፈኑንም ስም በድምፅ ትናገር ነበር። ዓይናማውን ሁሉ ለጊዜው ዓይነ ስውር ያደረገች መሣሪያ ነበረች ማለት ይቻላል፤ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ይፋ የሆነችው ተከታይዋም ቁልፎቿን እንደ ገና በገላዋ ላይ ይዛ መጣች። በዚያው በ2001 ዓ.ም. በሰኔ ወር ግን ያው ኩባንያ በመስኮቱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያነብ ቮይስኦቨር የተባለ ሥራ የገባበትን ስልክ አወጣ፤ በሌሎቹ ስልኮች የሚገኘው ቶክባክ የሚባለውም ከጥቂት ወራት በኋላ ተከተለ።

የአማርኛው ንባብ ከእንግሊዝኛው ዘግይቶ መጣ፤ ዛሬም ፍጹም አይደለም። ኢስፒክ የተባለው፥ ማንም ሰው በነጻ የሚያገኘው አንባቢ አማርኛንም ያነባል፤ ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማይጽፍ መሣሪያው ይሳሳታል። «ገና አልደረሰም» የሚለውና «ለገና እመጣለሁ» የሚለው በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በጆሮ ግን አንድ አይደሉም። ከዚህም የባሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ነው። መሣሪያው እንግሊዝኛ መስሎት በአፍንጫው እያነበነበ ሲያልፈው፥ መምህርቲቱ ሦስት ጊዜ አስደግማ፥ «እንደምን አደርሽ» ማለቱ እንደ ሆነ በግምት ታገኘዋለች።

የሆነ ሆኖ ስልኩ ተናገረ። መናገሩ ደግሞ ሌላ መከራ አመጣ። አንድ ቀን በታክሲ ተሳፍራ ስትሄድ የባንክ መልእክት ደረሰ፤ ስልኩም የገባውን ብርና የቀረውን ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ጮኾ አነበበው። ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ፥ «እሰይ! ለካ ደመወዝ ወጥቷል» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እርስዋም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ወደ ቤቷ ስትደርስ ግን እንዲህ ብላ አሰበች፦ ትናንት ምሥጢሬን ታውቅ የነበረች አንዲት ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ ግን አሥራ ሁለት መንገደኞች ሆኑ።

እንግዲህ ኤርፎኑን የገዛችው ለዘፈን አይደለም። ደብዳቤዋ የእርስዋ ብቻ እንዲሆን ነው። ደግሞ የስልኩን መስኮት እንደ መጋረጃ የሚያጠቁር ትእዛዝ አለ፤ ብርሃኑ ይጠፋል፥ ሥራው ግን አይቋረጥም። መስኮቱ ጠቁሮ ድምፁም በጆሮዋ ሲገባ፥ በጎኗ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ቢያሰግግ እንኳ የሚያየው ነገር የለም። በዚህ ረገድ ከዓይናማው ይልቅ ምሥጢሯ የተጠበቀ ሆነ።

የዶቃዋ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በሦስት ቁልፍ የተሠራች እንደ ሆነች፥ የላይኛዋ ድምፅን ከፍ፥ የታችኛዋ ዝቅ ታደርጋለች። መካከለኛዋን አንድ ጊዜ ቢጫኗት የሚነበበው መጽሐፍ ይቆማል፤ ዳግመኛ ቢጫኗት ካቆመበት ይቀጥላል። ስልክ ቢደወል በእርስዋው ይነሣል። ሁለት ጊዜ ቢጫኑ ወደ ፊት፥ ሦስት ጊዜ ቢጫኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ተጭነው ቢይዟት ደግሞ ስልኩ ትእዛዝ ለመስማት ጆሮውን ይሰጣል። ጉግል የተባለው ኩባንያ በ2009 ዓ.ም. ክረምት በአፍ እየተናገሩ መጻፍን ለአማርኛም ስለ ከፈተ፥ መምህርቲቱ ለእኅቷ የምትልከውን መልስ በማይክሮፎኑ ተናግራ ማጻፍ ትችላለች። አንዳንድ ጊዜ ያላለችውን ቢጽፍባትም፥ ሳትልከው አስነብባ ታርመዋለች።

ይህ ሁሉ ለዓይናማ ሰው ድሎት ነው፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቢነካው ያው ነውና። በአንድ እጇ ነጩን በትር፥ በሌላው የተማሪዎቿን ደብተር ለያዘች ሴት ግን ሦስተኛ እጅ ማግኘት ነው። ደግሞም ስልክን በእጅ ይዞ በአደባባይ መቆም ነጣቂን መጥራት ስለ ሆነ፥ ስልኳ ከቦርሳዋ ሳይወጣ በደረቷ ላይ በተንጠለጠለችው ዶቃ ማዘዟ ንብረቷን አዳነላት። ዶቃዋ ከነጠላዋ ሥር ስለምትውል ሰው አያያትም፤ በዚህም ምክንያት ስልክ ስታናግር ያየቻት አንዲት አሮጊት፥ «ልጄን፥ ብቻዋን ታወራለች» ብለው አማትበውባታል። ነጠላ ግን ለማይክሮፎን ጠላት ነው። ጥለቱ በዶቃዋ ላይ ሲታሽ በወዲያኛው ጫፍ ላለው ሰው የነፋስ ማዕበል ይሆንበታል፤ ስለዚህ መናገር በፈለገች ጊዜ ነጠላዋን ወደ ኋላ መጣል ለመደች።

ኤርፎን መግዛት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም፤ ሻጩም፥ «ኧረ እናቴ፥ ኦሪጅናል ነው!» ከማለት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። እርስዋ ግን የመሰኪያውን ብረት በጥፍሯ ጫፍ ቀስ ብላ ትዳስሰዋለች። ማይክሮፎን የሌለው ኤርፎን መሰኪያ ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበት አለው፤ ማይክሮፎን ያለው ግን ሦስት፤ አራተኛው ሽቦ የድምፅ መቀበያው ነውና። «ወንድሜ፥ ይኼኛው ሁለት ነው፤ ሦስት ያለውን አምጣልኝ» ባለችው ጊዜ ሻጩ ራሱ ብረቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲቆጥር ድምፁ ይጠፋል።

ሦስት ቀለበት መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በአንዳንዱ አሠራር የማይክሮፎኑና የመመለሻው ሽቦ ቦታ የተለዋወጠ ስለ ሆነ፥ ከማይስማማው ስልክ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ከጕድጓድ እንደሚመጣ ይደክማል፥ ማይክሮፎኑም ይደነቍራል። ቁልፎቹም እንዲሁ ናቸው። አንድሮይድ በሚባሉት ስልኮች ድምፅን የሚያስጨምረው ቁልፍ 240፥ የሚያስቀንሰው 470 ኦም በሚሆን የኤሌክትሪክ መቋቋም ይለያል፤ የአፕል ስልክ ግን በሌላ መንገድ ስለሚለያቸው፥ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። መካከለኛዋ ቁልፍ ብቻ ሁለቱን ሽቦዎች በማገናኘት ስለምትሠራ በሁሉም ዘንድ ታገለግላለች። መምህርቲቱም ይህን ካወቀች ወዲህ ስለ ሌሎቹ ቁልፎች አትከራከርም፤ መካከለኛዋ ከሠራች ዋጋውን ትከፍላለች።

ገመድ የሌለው ኤርፎን በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ገመዱን ትቶታል፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም የወጣው የአፕል ስልክም የመሰኪያ ቀዳዳ አልነበረውም። ያች ሕፃን ዛሬ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ እርስዋም ገመድ የሌለውን ለአክስቷ ስጦታ አመጣችላት። አክስቷም መርቃ ተቀበለችው፤ ልብስ ስታጥብም ታደርገዋለች። ለመንገድ ግን አልሆነላትም። ከጆሮ ቢወድቅ በገመድ ያለው በደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ገመድ የሌለውን ግን በመንገድ ላይ ተንበርክኮ በእጅ መፈለግ ነው። ደግሞም ጣቷ መስኮቱን በነካ ጊዜ ድምፁ ጥቂት ዘግይቶ ይመጣል። ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ መዘግየት ከቍጥር አይገባም፤ በድምፅ እየተመራች በየቃሉ ለምትዳስስ ሴት ግን ጣትና ጆሮ ሲጣሉባት ይውላሉ።

በመንገድ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የትኛውን ጆሮ ለመጽሐፍ፥ የትኛውን ለመኪና መስጠት እንደሚገባ ነው። ሁለቱን መድፈን ዓይናማ ሰው ዓይኑን ታስሮ ከመሄድ አይለይም። በዚህ አገር መኪና ቀኝን ይዞ ስለሚሄድ፥ መምህርቲቱም ስትሄድና ስትመለስ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ያለውን የእግረኛ መንገድ ትይዛለች፤ መኪናው ሁልጊዜ በግራዋ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ግራ ጆሮዋ የመንገዱ ነው፤ ቀኙ የመጽሐፉ። የምትገዛውም ዶቃዋ በቀኙ ገመድ ላይ ያለችውን ነው፤ የግራው ገመድ ሥራ ፈትቶ በልብሷ ውስጥ ይቀመጣል። በጆሮ በኩል ባለ አጥንት ድምፅን እያስተላለፈ ጆሮን ክፍት የሚተው ማዳመጫም አለ፤ መልካም ነገር ነው፥ ዋጋው ግን ለመምህር ደመወዝ አይመችም።

ግራውን ጆሮ ለመንገድ መተውም በቅርቡ አልበቃ አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እየበዛ ነው። ለአየሩ የሚበጅ ነገር ነው፤ ጢሱን ይቀንሳልና ማንም ሊያማው አይገባም። ነገር ግን ቀስ ብሎ ሲመጣ ድምፅ የለውም። በፍጥነት ሲሄድ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር እየታገለ ይሰማል፤ ከመታጠፊያ ሲወጣ፥ ወይም ለማቆም ቦታ ሲፈልግ ግን እንደ ድመት ነው። ሰውን የሚያገኘውም በዚያ ቦታ ነው። ይህን አይተው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የሚሸጥ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሊሰማ የሚችል ድምፅ እንዲያወጣ አስገድደዋል፤ የአሜሪካም ሕግ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ያስገድዳል። ድምፅ አውጪው የተገጠመለት መኪና በአዲስ አበባም ይገኛል፤ ግን በገበያ ጩኸት መካከል ያ ቀጭን ዜማ ከጀነሬተሩና ከረዳቱ ጥሪ ተለይቶ ይሰማ ዘንድ ሌላው ድምፅ ሁሉ ዝም ማለት አለበት።

ሌላውን ድምፅ ዝም ለማሰኘት ሥልጣን የላትም፤ መጽሐፉን ግን ዝም ታሰኘዋለች። የመንገዱ ጠርዝ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራት፥ በትሯ ከድንጋዩ ሳይደርስ፥ አውራ ጣቷና ጠቋሚ ጣቷ ዶቃዋን ያገኟታል። አንድ ጊዜ ጫን። በጆሮዋ ሲናገር የነበረው ሰው በቃሉ መካከል ይቆማል፤ ጆሮዋም እንደ ተገለጠ ዓይን ወደ መንገዱ ይመለሳል። ባጃጁን፥ አውቶቡሱን፥ የብስክሌቱን ሰንሰለት አንድ በአንድ ትለያለች፤ የማይሰማውንም በአየሩ መገፋትና በሰዎቹ እግር መቆም ታገኘዋለች። አንዳንድ ጊዜ መልካም ሰው መጥቶ፥ «እኅቴ፥ ላሻግርሽ?» ይላታል፤ እርስዋም ክንዱን ትይዛለች፥ ትሻገራለች፥ ታመሰግናለች። ስታልፍም ዶቃዋን ትጫናለች፤ የተቆረጠው ቃል ከቀረበት ይቀጥላል።

በክረምት ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፥ እርጥቡም አስፋልት የመኪናውን ሁሉ ድምፅ አንድ ሲያደርገው፥ ሁለቱም ጆሮዎች አይበቁም፤ በአንድ እጅ በትር፥ በሌላው ጃንጥላ ስለሚያዝም ለዶቃዋ የምትተርፍ ጣት የለችም። ከሰኔ እስከ መስከረም ኤርፎኑ ተጠቅልሎ በቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ይከርማል፤ ደብዳቤዋና መጽሐፏም ማታ በቤቷ፥ እግሯን አጥፋ በተቀመጠችበት ይነበባሉ።